የተለመደው ቀን ልምምድ

"ምንም ዝግጅት እንዳታደርጉ" ብሎ የሚመጣ እንግዳ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኛ አገር እንግዳ "በቃኝ" ሲል ጨምሩልኝ ማለቱ ነው፤ "አትድከሙ" ሲል ደግሞ እስኪ ድካማችሁን ልየው ማለቱ ነው። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ በጉርሻ እየታነቅን ተምረነዋል። እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው "እባካችሁ ምንም እንዳታዘጋጁ፤ የተለመደውን ቀናችሁን ብቻ ማየት እፈልጋለሁ" የሚል መልእክት ከሆላንድ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? ስብሰባ ይጠራል። እኔም ጠራሁ።

ስብሰባው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ስለ መሥሪያ ቤቴ ልንገራችሁ። የምሠራው ዓለም አቀፍ የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ይህን ስትሰሙ ባለ መስታወት ሕንፃና ነጭ ላንድክሩዘር በዐይናችሁ ከመጣ መልሱት። ዓለም አቀፍነታችን እንዲህ ነው፦ በሆላንድ በኩል በአንዲት ጡረተኛ መምህርት የኩሽና ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ፤ እነሱ ቦርድ ይባላሉ። በሐዋሳ በኩል ደግሞ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በተከራየናት ግቢ ውስጥ እኛ አራታችን አለን፤ እኛ የመስክ ቢሮ እንባላለን። በመካከላችን ያለው ባሕርና በረሃ ነው።

እኔ አስተባባሪ ነኝ። ሪፖርት ስጽፍ የፕሮግራም ክፍል፣ ፎቶ ሳነሳ ሕዝብ ግንኙነት፣ አምፖል ሲቃጠል ጥገና እሆናለሁ። አንዳንድ ቀን እነዚህ ክፍሎች እኔ ውስጥ ሳይስማሙ ይውላሉ። ማርታ አስተማሪያችን ናት፤ ከጎንደር ለዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ተመርቃ፣ ሐይቁን ትታ መሄድ አቅቷት እዚሁ ቀረች። ጋሽ ዱካሞ ዘበኛችን ናቸው፤ የሲዳማ ሰው፣ አትክልተኛ፣ እንዲሁም ማንም ሳይሾማቸው የውስጥ ኦዲተር። እትዬ አማረች ምግብ ያበስላሉ። የወላይታ ሰው ናቸው፤ የድርጅቱ ዋና ሰውም እርሳቸው ናቸው። ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን እርሳቸው ናቸው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ወደ እኛ መጥተው ምሳ ይበላሉ፣ ከዚያ ከማርታ ጋር ያጠናሉ። ሥራችን በሙሉ ይኸው ነው።

ያ መልእክት ታዲያ ጅራት ነበረው። የእህል ዋጋ ናረ፣ ገንዘቡ አልበቃ አለ፤ ስለዚህ ከቦርዱ አንዱ "ምሳው ቀርቶ ለልጆቹ ደብተርና ቦርሳ ብንሰጥስ?" የሚል ሐሳብ አምጥቷል። አዲስ የተቀጠረች አኒታ የምትባል የፕሮግራም ኃላፊ ዓርብ ቀን መጥታ ታያለች፤ ምሳው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ለቦርዱ የምትነግረው እሷ ናት።

ይህን ሳነብላቸው እትዬ አማረች የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔስ እሺ" አሉ፤ "ጌታ ይመስገን፣ በእጄ የትም ሠርቼ እበላለሁ። እነዚህ ልጆች ደብተር ሊበሉ ነው?"

"እትዬ አማረች፣ በእኔ ይሁንብዎት። ምሳው አይዘጋም!" አልኩ።

በምን ተማምኜ እንዳልኩት አትጠይቁኝ። በራስ መተማመን ከእኔ ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ የተማርኩት ነገር አይደለም። የማላውቀው ሰፈር ሄጄ እንኳ ሰው መንገድ ሲጠይቀኝ በልበ ሙሉነት እጠቁማለሁ። እስካሁን ተመልሶ የወቀሰኝ የለም፤ ደርሶ ይሆናል፣ ወይም ገና እየሄደ ነው።

ስብሰባው ተጀመረ። ማርታ እጇን አወጣችና "ሴትየዋ የምሯን ቢሆንስ? ዝም ብለን የወትሮውን ብንሠራ?" አለች። ወጣት ናት ብለን አለፍናት።

ጋሽ ዱካሞ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰው ቤት ስትሄድ 'በልቼ ነው የመጣሁት' ትል የለም እንዴ?"

"እላለሁ።"

"በልተህ ሄደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ" አሉ። እውነትም አለቀ። የተለመደ ቀን አዘጋጅ ኮሚቴ በዚያው ተቋቋመ፤ ሰብሳቢም ጸሐፊም እኔው ሆንኩ።

መጀመሪያ የወትሮውን ቀናችንን መረመርነው። ለእንግዳ የሚቀርብ ሆኖ አልተገኘም። መብራት ይጠፋል፤ ልጆቹ ወንበር እያለ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባ ኮዳ አለ። አባ ኮዳ ያ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሚንጎራደደው ራሰ በራ ረጅም ወፍ ነው። አንዱ ከጓደኞቹ ተለይቶ የእኛን ኩሽና መርጧል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይመጣና እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በር ላይ ይቆማል። ከተለመደው ቀን እንዲሰረዝ ወሰንንበት፤ ማባረሩ ለጋሽ ዱካሞ ተሰጠ።

ቀጥለን በሩን ቀለም ቀባነው። ከቀባነው በኋላ ለእሷ ብለን የቀባነው መሰለ፤ ስለዚህ አፈር በውሃ በጥብጠን ትንሽ ትንሽ ደፋንበት። አፈሩ ሲበዛ ደግሞ አጠብነው። እንዲህ ስናደርገው ዋልንና በመጨረሻ በሩ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ "የተለመደ" መሰለ።

ልጆቹን ማሠልጠን የባሰ ነበር። "ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?" ተብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ስንሞክራቸው ሁሉም "ዶክተር!" አሉ። አንድ ሰፈር ሙሉ ዶክተር ከሆነ ማን ይታመማል? ስለዚህ ሙያ አደልኩ፤ ለዚህኛው መሐንዲስ፣ ለዚያችኛዋ አብራሪ። ባጃጅ ሾፌር የደረሰው ልጅ ቅር ይለዋል ብዬ ሳጽናናው፣ ለካ የሚያለቅሰው መሐንዲስ የደረሰው ኖሯል፤ ባጃጁን ፈልጎ ነው። ማርታ በበኩሏ በተፈጥሯቸው እንዲስቁ ታለማምዳቸው ነበር። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሳቁ!" ስትል ይስቃሉ፤ ሆኖም እንዲያ ሲስቁ ያየ ሰው ያለቅሳል።

ምግቡም ላይ ተጣላን። የወትሮው ሽሮ ነው። እትዬ አማረች ግን "ሰው ባሕር ተሻግሮ እኔ ቤት መጥቶ ሽሮ በልቶ ሄደ ሊባል ነው? ዓሣ ጉላሽ እሠራለሁ!" አሉ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ ታረቅን፦ ሽሮው ሽሮ ይሁን፤ ሽንኩርቱ ግን የዶሮ ወጥ ያህል ይሁን። ያን ሁሉ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ሲታጣ የእትዬ አማረች የቸርች ጓደኛ ለሐሙስ ከገጠር አዲስ የመጣች የዘመድ ልጅ ልትልክላቸው ቃል ገባች። "አማርኛ ብዙም አትሰማም፤ እጇ ግን ፈጣን ነው" ተባለ።

ሐሙስ ዋናው ልምምድ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለን፦ እንግዳ። ማርታ ታስተረጉማለች፤ እኔ አስጎበኛለሁ፤ እትዬ አማረች ከድስቱ አይለዩም። የቀሩት ጋሽ ዱካሞ ናቸው። የእኔን የፀሐይ መነጽር አደረግንላቸው፤ የማርታን ሰፊ ባርኔጣ ደፋንላቸው፤ ቦርሳ በትከሻቸው አንጠለጠልን። ራሳቸውን በር ላይ በቆመ ባጃጅ መስታወት አይተው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አካሄዳቸው ተቀየረ። በሩ ላይ ታዲያ ማንም አልቀረም። ዘበኛውን እንግዳ ያደረገ ሰው በሩን ማን እንደሚጠብቅ ማሰብ ነበረበት ትሉ ይሆናል። እኔ አስተባባሪ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም።

በዚህ መካከል አንዲት ጠይም ወጣት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሻሽ አስራለች፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳለች፣ ጫማዋን የመንገዱ አቧራ ውጦታል። እትዬ አማረች ከኩሽናው በር ሆነው አዩዋትና "ተመስገን! መጣሽልኝ?" ብለው እጇን ይዘው ወሰዷት። ሴትየዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ነገር ግን ልጆቹ በዚያው ሰዓት በትእዛዝ እየሳቁ ስለነበር አልተሰማም። እትዬ አማረች በወላይትኛ ሰላም አሏት። ፈገግ አለች። ጋሽ ዱካሞ በመነጽራቸው ሥር አጮልቀው በሲዳምኛ "ዳኤ ቡሹ" አሏት፤ እንኳን ደህና መጣሽ ማለታቸው ነው። አሁንም ፈገግ አለች።

"ጌዴኦ ናት" አልኩ እኔ እርግጠኛ ሆኜ።

"መልኳ የጋሞ ነው" አሉ እትዬ አማረች።

"ሐዲያ ትሆናለች፤ ዝምታዋን አታይም?" አሉ ጋሽ ዱካሞ።

አትፍረዱብን። ሐዋሳ ላይ አማርኛ የማይሰማ ጠይም ሰው ሲመጣ የውጭ አገር ሰው ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። የማን ዘመድ ናት ተብሎ ነው የሚታሰበው። አኒታ የሚለው ስም ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ሽርጥ አመጣሁና ራሴ አሰርኩላት፤ ቢላዋ ሰጠኋት፤ ከዚያ ቀስ እያልኩና እየጮህኩ፣ ጮክ ያለ አማርኛ ለሁሉም ሰው ይገባዋል በሚል እምነት፣ "ሽን-ኩር-ቱን፣ ቀጭን፣ አድርገሽ!" አልኳት። ሽንኩርቱን አየች። እኔን አየች። ባርኔጣ ደፍተው የሚንጎራደዱትን ሽማግሌ አየች። ከዚያ እሺ በሚል ሁኔታ ተቀመጠችና መላጥ ጀመረች። ጎበዝ ልጅ፣ አልኩ በልቤ።

ልምምዱ ቀጠለ። ማርታ እንግሊዝኛዋ እንዳይደናቀፍ የተባለውን ሁሉ አንድ ቃል ሳታስቀር እየተረጎመች ለጋሽ ዱካሞ ትነግራቸዋለች። ጋሽ ዱካሞ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ግን እንግዳ ናቸውና በጥሞና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሽንት ቤቱን አሳይቼ፣ መማሪያ ክፍሉን አሳይቼ ወደ ጓሮ ስንዞር ድንገት ቆሙ።

"ይሄን ሁሉ ግቢ የሚጠብቀው ማነው?"

"ጋሽ ዱካሞ የሚባሉ ዘበኛ አሉን" አልኩ።

"ጎበዝ ሰው ነው?"

"በጣም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የዝናብ ልብስ ያልተገዛለት?"

"ጋሽ ዱካሞ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ይሄ ካጠናነው ውስጥ የለም እኮ።"

"እኔ ዱካሞን አላውቀውም። እንግዳ ነኝ፤ የሰማሁትን ነው የምጠይቀው" አሉ። ማርታም ይህንኑ ተረጎመች።

ወዲያው አባ ኮዳ ከኩሽናው ጣሪያ ላይ ዘሎ ወረደ። ለጋሽ ዱካሞ በዐይኔ ምልክት ሰጠኋቸው። "እንግዳ ወፍ አያባርርም" አሉና ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ወፉ ቀስ ብሎ ወደ ሽንኩርቱ ሲራመድ ያቺ ልጅ ጮሃ ቢላዋዋን እንደያዘች ወንበር ላይ ወጣች። ሐዋሳ ላይ አባ ኮዳን የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህን ያህል ዘመን ከሰዉ ጋር ተዋዶ የኖረ ፍጡር ነው። "ከገጠር ስለመጣች ነው" ብዬ አስረዳሁ። ልጆቹ በዚህ መሐል ያለ ትእዛዝ ሳቁ። ያ ሳቅ ለዓርብ የሚቀመጥ ቢሆን እንዴት በወደድኩ።

ወደ ልጆቹ ጥያቄ ደረስን። ጋሽ ዱካሞ ቃልኪዳን የምትባለዋን ልጅ መረጡ፤ ጸጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ ነገር የማትፈራ ልጅ ናት።

"ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?"

"የተሰጠኝ ባንክ ነው" አለች።

ግንባሬን ያዝኩ። ጋሽ ዱካሞ ግን አላቆሙም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን አወለቁና እንደ ወትሮው አነጋገሯት።

"እስኪ ንገሪኝ፤ ምሳው ቀርቶ ደብተር ቢሰጥሽስ?"

ይህም ካጠናነው ውስጥ አልነበረም። ልከለክላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቀደመችኝ።

"ደብተር አለኝ።"

"ቦርሳስ?"

"እሱም አለኝ።" መሬቱን በጣቷ ጫረች። "እዚህ ምሳ በልቼ ሳጠና ፊደሎቹ ይቆማሉ። ቅዳሜ ግን እዚህ ምሳ የለም፤ እቤትም የለም። ደብተሬን ስገልጥ ፊደሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ወንድሜም የእሱ ይንቀሳቀሳሉ ብሏል።"

 ማርታ በቀስታ ይህንንም ተረጎመችው።   ምሳው ቢቆም ሰኞም ማክሰኞም ቅዳሜ ሊሆን ነው። እትዬ አማረች ማማሰያቸውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ያን ጊዜ ከሽንኩርቱ በኩል በጥሩ እንግሊዝኛ አንድ ድምፅ መጣ።

"ቅዳሜ ለምንድን ነው ምሳ የሌለው?"

ዞር ስል ያቺ ልጅ ናት፤ እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል፤ ሽንኩርት ነው ብዬ አለፍኩት። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ኩራት! ከገጠር ትናንት የመጣች የቀን ሠራተኛ እንግሊዝኛን እንዲህ እንደ ውሃ ስታፈሰው፣ በአገሬ ትምህርት ደረቴን ነፋሁ። እኔም በእንግሊዝኛ፣ በሙሉ ልብ መለስኩላት።

"ገንዘብ ስለሌለ ነው፣ እህቴ። ግን አታስቢ፤ ነገ አኒታ የምትባል ሴትዮ ትመጣለች፣ እሷን አሳምናታለሁ። አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ።"

"አኒታ እኔ ነኝ" አለች።

ማርታ ከልማድ የተነሳ ይህንንም ወደ አማርኛ ተረጎመችው። ባትተረጉመው ምናለበት!

እትዬ አማረች "በኢየሱስ ስም! እንግዳ ሽንኩርት አስላጥኩ!" ብለው ቢላዋውን ሊነጥቋት ዘለሉ፤ እሷ አልሰጥም አለች። ጋሽ ዱካሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመነጽሬ ጋር በሁለት እጃቸው አቀረቡላትና "እንግዲያው ቦታዎን ይረከቡኝ" ብለው ወደ በራቸው ሄዱ። እኔ ሽርጡን ልፈታላት ከኋላዋ ስታገል ጭራሽ አጠበቅሁት።

ነገሩን በሳቅና በእንባ መካከል ሆና አስረዳችን። አባቷ የኬንያ፣ የሞምባሳ ሰው ነው። በየሄደችበት የሚጠብቃት መዝሙርና አበባ ስለሆነባት ሳትናገር አንድ ቀን ቀድማ በአውቶቡስ መጣች፤ መናኸሪያ ወርዳ ባጃጅ ያዘች። እትዬ አማረች እጇን ሲይዟት ግራ ገባት፤ ሽርጥ ሳስርላት ግን ይሄ ጥሩ ቦታ ነው ብላ ዝም አለች። ያልተዘጋጀ ነገር ፍለጋ መጥታ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የተዘጋጀውን ቀን አገኘች።

"እኔ ያንን ጥያቄ ብጠይቃት ምን ትለኝ ነበር?" አለችኝ ወደ ቃልኪዳን እያየች።

"እናመሰግናለን፣ ነው የምትልሽ" አልኩ። "ላልተጠና ጥያቄ ሁሉ እንዲህ እንድትል አስጠንተናታል።"

ለመሆኑ እውነተኛዋ ሽንኩርት ላጭስ? እሷማ ልክ በዚህ ሰዓት ደረሰች። በር ላይ የነበሩት ጋሽ ዱካሞ ነበሩ፤ አንዴ የተሳሳቱ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይሳሳቱም። ቀጥ ብለው ቆመው ሰላምታ ሰጡ፤ በክብር አስገብተው ለእንግዳ ባዘጋጀነው ወንበር አስቀመጧት፤ ለስላሳ ከፈቱላት። ልጆቹ ወንበሩ ላይ ሰው ሲያዩ የሚያደርጉትን ያውቃሉና ያጠኑትን የመቀበያ መዝሙር ዘመሩላት፤ ለአኒታ የተዘጋጀውንም አበባ ሰጧት። ምስኪኗ ልጅ አበባውን ታቅፋ የሽንኩርቱን ክምር በዐይኗ ትፈልጋለች። "ይችኛዋ ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ ብትሆንስ?" አሉ ጋሽ ዱካሞ በኋላ ስጠይቃቸው።

ዓርብ አኒታ እንደ ቀጠሮዋ ተመልሳ መጣች። እኛ ለመዘጋጀት አቅሙም ፊቱም አልነበረንም። መብራት ጠፋ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አባ ኮዳ በሩ ላይ ቆመ። ሽሮዋን ከልጆቹ ጋር በላች፤ ደገመች። "በቃኝ" ስትል እትዬ አማረች ጨመሩላት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እትዬ አማረች ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከኩሽና ብቅ እያሉ አሳለፉ። በመጨረሻ መልእክቱ መጣ። ምሳው ይቀጥላል። ደብተሩና ቦርሳው ቀርቶ ቅዳሜም ይጨመራል። ከሥር አንድ መስመር ነበረች፦ ለዘበኛው የዝናብ ልብስ ይገዛ። ጋሽ ዱካሞ በዚያ ፀሐይ ለብሰውት ያልባቸዋል፤ አውልቁ ቢባሉ እሺ አይሉም።

"አላልኩዎትም? በእኔ ይሁንብዎት ብዬ አልነበር?" አልኳቸው እትዬ አማረችን፣ ደረቴን ነፍቼ።

"አንተ?" አሉ እንባቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። "የኔ ሽንኩርት ነው እንጂ!"

በመጀመሪያው ቅዳሜ ምሳ ከተበላ በኋላ በመማሪያ ክፍሉ በር ገባ አልኩ። ቃልኪዳን ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ ደብተሯ ላይ አጎንብሳለች። ለአኒታ የምጽፈው ደስ የሚል ቃል ፈልጌ ጎንበስ አልኩና "እሺ ቃልዬ፣ ፊደሎቹ ዛሬ እንዴት ናቸው?" አልኳት።

ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም፤ ቀናም አላለች።

"ጋሼ፣ እያነበብኩ ነው እኮ" አለችኝ፤ "አይረብሹኝ።"